ቀለብ የተፈረደላት እናት ከሴፍቲኔት ትውጣ?

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ሁለት ቦታ ደጅ ትጠናለች። አንዱ ፍርድ ቤት ነው፤ የልጆቹ አባት ቀለብ እንዲቆርጥ። ሌላው ቀበሌ ነው፤ ሴፍቲኔት እንድትገባ፣ ወይም የጤና መድን መዋጮዋን መንግሥት እንዲከፍልላት። ቀለቡን ዳኛ ይወስናል፤ ድጋፉን ኮሚቴ ይመለምላል። የሚመሩበት ሕግ የተለያየ ነው፤ መዝገባቸውም አይተዋወቅም።

ሆኖም ጉዳዮቹ ከመነካካት አይድኑም። ምልመላው ላይ አንድ ጎረቤት «እሷ'ኮ አባታቸው ይቆርጥላታል» ካለ፣ ስሟ ከዝርዝሩ ሊሠረዝ ይችላል። ችሎት ላይ ደግሞ አባትየው «መንግሥት እየረዳት ነው» ብሎ ቀለቡ እንዲቀነስለት ሊከራከር ይችላል። እዚህ ድጋፏ፣ እዚያ ቀለቡ ሰበብ ሆኖባት እናትየዋ ሁለቱንም ልታጣ ትችላለች።

ይህ ዳሰሳ የሚደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ የልጅ ቀለብ የልጅ ነው፤ እንደ እናት ገቢ ሊቆጠር አይገባም። መቁጠር የግድ ከሆነም የሚቆጠረው የተፈረደው ሳይሆን እጅ የገባው ብቻ መሆን አለበት።

ፍርድ ቤቱ የሚያየው

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል፤ የደቡብ ክልል ሕግ አዋጅ ቁጥር 75/1996 ነው። ወልቂጤና ቡታጅራ እስከ ነሐሴ 2015 ድረስ በዚያ ክልል ሥር ነበሩ። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆና ቀጠለች፤ ቡታጅራ ደግሞ አዲስ የተዋቀረው የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነች።

በቀለብ ጉዳይ የእነዚህ ሕጎች መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው። ቀለብ የሚባለው ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም በውስጡ አለ። መጠኑን የሚወስን ሠንጠረዥ ወይም ቀመር የለም። ዳኛው የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው፦ የጠያቂውን ችግርና የከፋዩን አቅም። ሁኔታው ሲለወጥ ማንኛውም ወገን ይሻሻልልኝ ማለት ይችላል። ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ደንግጓል። ሙስሊም ተከራካሪዎች ሁለቱም ከፈቀዱ ጉዳያቸውን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላሉ፤ እዚያ ክርክሩ ነፈቃ ይባላል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ልጁ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ፣ የወላጅነት መብት እንኳ ከልጁ ጥቅም በታች መሆኑን አስረግጧል። ያ ክርክር የሞግዚትነት ቢሆንም መርሑ ለቀለብም ይሠራል። እናት ቀለብ ስትጠይቅ የምትከራከረው ልጁን ወክላ ነው፤ ብሩንም የምትቀበለው ለልጁ ነው። ብሩ የእሷ ገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ግማሽ መልስ አግኝቷል።

ኮሚቴው የሚያየው

የአገራችን ማኅበራዊ ድጋፍ እንደ አውሮፓ በመብት የሚጠየቅ የወር ክፍያ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዛል። እናቱ ያለችው፣ አባቱ ግን የጠፋው ልጅ በዚህ ዝርዝር ውስጥ በስሙ አልተጠራም። የሚያገኘው ድጋፍ ካለ በእናቱ ድህነት በኩል የሚመጣ ነው።

ዋናው መንገድ ሴፍቲኔት ነው። የገጠሩ ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ። የከተማው ደግሞ በ2009 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሮ፣ በኋላ ቁጥሩ ወደ 83 ከተሞች እንዲሰፋ ተደረገ። ሁለቱም ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ አላቸው። መሥራት የሚችል ሰው በአካባቢ ልማት ሥራ ይሰማራና ደመወዝ ያገኛል፤ የማይችል አረጋዊ፣ ሕመምተኛና አካል ጉዳተኛ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጠዋል። ጤነኛ የሆነች ብቸኛ እናት አብዛኛውን ጊዜ የምትመደበው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው፤ ጠርጋ፣ ችግኝ ተክላ፣ ድንጋይ ተሸክማ የምታገኘው ብር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቷል። አባል ቤተሰብ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ የደሀ ደሀ ተብሎ የተለየውን ግን መንግሥት ይከፍልለታል። ልየታው እዚህም የቀበሌ ነው።

ሴፍቲኔት ላይ ምልመላው ሁለት ወንፊት አለው። መጀመሪያ ነዋሪውን የሚያውቅ ኮሚቴ ስም ያወጣል። ቀጥሎ የቤተሰቡ ብዛት፣ የቤቱ ግድግዳና ወለል፣ የቤት ዕቃው፣ የቤተሰብ ኃላፊው ትምህርትና ይህን የመሰለ በዓይን የሚታይ ነገር በቀመር ተሰልቶ የኑሮ ደረጃው ይገመታል። ቀመሩ ያስፈለገው አብዛኛው የከተማ ደሀ የደመወዝ ወረቀት ስለሌለው ነው። ጉልት የምትቸረችር እናት የወር ገቢዋን ራሷም በቁጥር አትናገረውም።

ከዚህ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይከተላል። ቀመሩ የገቢ ምንጭን ስለማይዘረዝር ቀለብን በስሙ አያየውም። የሚያየው ኮሚቴው ነው፤ እሱም የሚያውቀው በወሬ ነው።

ወይ መግባት፣ ወይ መውጣት

ገቢ በወረቀት በሚለካበት አገር ቀለብ ሲመጣ ድጋፉ በዚያው ልክ ሊቀነስ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የእኛ ምልመላ ግን መቀነስ አያውቅም። ቤተሰቡ ወይ ከዝርዝሩ አለ፣ ወይ የለም። ስለዚህ ትንሽ ቀለብ ትልቅ ድጋፍ ሊያሳጣ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል በወር 1,000 ብር የተፈረደላትን የሦስት ልጆች እናት እናስብ። ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን የሚደርሰው 11 ብር ገደማ ነው። ብሩ ደርሶ እንደሆነ ለደብተርና ለሳሙና ይሆናል። ኮሚቴው ግን «ተፈርዶላታል» ብሎ ካለፋት የምታጣው 1,000 ብር የሚያህል ነገር ብቻ አይደለም፤ የሥራ ቀኗን፣ የሕክምና ድጎማዋን፣ አንዳንዴም ለልጆቹ የሚታደለውን የደንብ ልብስ ጭምር ነው። አባትየው ከሁለት ወር በኋላ መክፈል ቢያቆም ድጋፉ ወዲያው አይመለስላትም፤ የሚቀጥለውን የምልመላ ወቅት መጠበቅ ሊኖርባት ነው። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ግን «አልተከፈለኝም» የሚለውን በምን ታስረዳለች? ያልመጣ ብር ደረሰኝ የለውም።

ይህን የተረዳች እናት ሁለት ምርጫ አላት፤ ሁለቱም መጥፎ ናቸው። ክሱን ትታ ድጋፉን ትጠብቃለች፤ አባትየው በዚህ ያተርፋል። ወይም በሽማግሌ በኩል በምስጢር የምትቀበለውን ተቀብላ ዝም ትላለች፤ ያኔ ብሩ ሲቋረጥ የምትከስበት ወረቀት አይኖራትም።

የጉራጌ የዓመት ዑደት ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ለሥራ አዲስ አበባና ሌላ ከተማ የወጣው ሰው ለመስቀል፣ ሙስሊሙም ለአረፋ አገሩ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ አባት በበዓሉ ልብስ፣ ቅቤና ሥጋ ይዞ ይደርሳል። ከአባት ወገን አልፎ አልፎ ቆጮና ቡላ ይላካል። መንደሩ ይህን ያያል፤ ኮሚቴውም የመንደሩ ሰው ነው። የቀሩት 11 ወራት ባዶነት ግን ለዓይን አይታይም። በዓመት አንዴ የሚመጣ ስጦታ ልጅን በየወሩ አያበላም፤ ምልመላ ላይ ግን ከተፈረደ ቀለብ የበለጠ ሊመሰክርባት ይችላል።

የተቃራኒው ጎን ክርክርም ሊመረመር ይገባል። አባትየው «ሴፍቲኔት ስላላት ችግረኛ አይደለችም» ሲል የሚያነሳው የጠያቂውን ችግር ነው። ነገር ግን ጠያቂው ልጁ ነው። በአካባቢ ልማት ሥራ የሚገኘው ክፍያ ደግሞ የእናት የጉልበት ዋጋ ነው፤ የአባት ዕዳ በእናት ላብ አይከፈልም። ቀጥታ ድጋፍም ቢሆን መንግሥት የሰጠው ለደሀው እንጂ ከግዴታው ለሸሸው ሰው እፎይታ አይደለም።

እንዲያውም የቆየው ሕጋችን የሚያመለክተው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀለብ የመጠየቅ መብት ለሌላ እንዳይተላለፍ ይከለክል ነበር፤ ነገር ግን ለቀለብ ጠያቂው መተዳደሪያ ለሚሰጡ የሕዝብ ርዳታ ተቋማት ሊተላለፍ እንደሚችል ይፈቅድ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ሕዝብ ልጁን ከረዳው የአባት ዕዳ ይቀጥላል፤ ሊጠይቀው የሚችለው ሰው ብቻ ይለወጣል። ይህ ድንጋጌ ከተጻፈ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አባትን ተከታትሎ ቀለብ የሚያስከፍል መሥሪያ ቤት ግን አልተቋቋመም።

አባት መርካቶ፣ ልጅ ወልቂጤ

ከላይ «የተፈረደ» እና «እጅ የገባ» ብለን የለየንበት ምክንያት አፈጻጸም ላይ ይታያል። አባትየው መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፋል፤ ደመወዙ ከምንጩ ይቆረጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቅናሹ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ገድቧል፤ ለመንግሥት ሠራተኛም ልኩ ይኸው ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። ይህን የሚያገኝ አባት ቢበዛ የሚቆረጥበት 2,000 ብር ነው፤ ሌላ ዕዳ ካለበት ይህን ጣሪያ ሁሉም ዕዳዎች ይጋሩታል።

ጉራጌ ግን በንግድ የሚኖር ሕዝብ ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር፣ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ የአባቶቹ ገበያ ግን መርካቶ ነው። ባለሱቁ፣ ጀብሎው፣ ደላላው፣ የበርበሬና የጫት ነጋዴው ደመወዝ የሚቆርጥለት አሠሪ የለውም። ሱቁ በወንድም ስም፣ መኪናው በአጎት ስም ሊሆን ይችላል። እናት የአፈጻጸም መዝገብ ብታስከፍትም ንብረቱን ፈልጋ የምታሳየው እሷ ናት። ለዚህ አዲስ አበባ መመላለስ፣ መጓጓዣ መክፈል፣ የሥራ ቀን ማጣት አለባት፤ ሴፍቲኔት ላይ ደግሞ ያልተሠራ ቀን አይከፈልም።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ቀለብ የመስጠት ግዴታውን ያለ በቂ ምክንያት ያልተወጣን ሰው በአቤቱታ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ማስፈራሪያነቱ ይጠቅማል። ግን የታሰረ ነጋዴ አይነግድም፤ የማይነግድ አይከፍልም። ብዙ እናቶች ወደዚህ አንቀጽ የማይሄዱት ጥቅማቸውን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

የተፈረደውም ቢሆን ዋጋው አይቆይም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ዘይቱም፣ ደብተሩም፣ መድኃኒቱም ተከተሉት። በ2013 የተወሰነ ቀለብ ዛሬም ያው ቁጥር ነው። ይሻሻልልኝ ለማለት እንደገና ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ፍርድ ቤት የመሄዱ ጉዳይ ራሱ ከቀበሌ ጋር ያገናኛታል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሀ ደንብ እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለዚህ ድህነቷን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከቀበሌ ትጠየቃለች። ያው ቀበሌ «ደሀ ናት» ብሎ ጽፎላት ካሸነፈች በኋላ፣ ባሸነፈችው ምክንያት «ደሀ አይደለችም» ሊላት ነው።

ባህሉስ? የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ፣ የክስታኔ ጎርደና ዛሬም ክብር ያላቸው የዳኝነት ሥርዓቶች ናቸው። መርካቶ ተደብቆ ፍርድ ቤት ያላገኘውን አባት ዘመድና ሽማግሌ ያገኘዋል፤ ለመስቀል መመለሱ አይቀርምና። በሌላ በኩል የባህሉ ትዳር ነክ ሕግ ለሴት የማያደላ መሆኑን ራሳቸው ጉራጌዎች ያውቁታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ወርድወት የጆካ ሸንጎ ፊት የቆመችው፣ ባሏ ካልፈታት ሌላ እንዳታገባ የሚያስረውን አንቂትን በመቃወም ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ አባትን በማስከፈል ሊረዳ ይችላል፤ የስምምነቱ መጠን ግን በጽሑፍ ሰፍሮ በፍርድ ቤት ቢጸድቅ ለልጁ ይበጃል።

ሌሎች በምን አለፉበት?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ብሪታንያ በ1993 እ.ኤ.አ. የልጅ ቀለብ ኤጀንሲ ስታቋቁም አንዱ ዓላማ የመንግሥትን ወጪ መቀነስ ነበር። አባት የከፈለው ከእናት የድጎማ ገንዘብ ላይ ይቀነስ ስለነበር ልጁ ምንም አይጨመርለትም ነበር፤ አባትም ለግምጃ ቤቱ የሚከፍል መሰለው። ቀስ በቀስ ተሻሻለ። በ2008 እ.ኤ.አ. በሳምንት 20 ፓውንድ ሳይነካ እንዲቀር ተደረገ፤ ከሚያዝያ 2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀለብ ከዋናው ድጎማ ላይ ጨርሶ አይቀነስም።

በአሜሪካ የጥሬ ገንዘብ ድጎማ የምትወስድ እናት ቀለብ የመጠየቅ መብቷን ለግዛቱ እንድታስተላልፍ ትገደዳለች። ግዛቱ ከአባት ይሰበስብና ወጪውን ይመልሳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሜሪላንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ለአንድ ልጅ እስከ 100፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 200 ዶላር ለቤተሰቡ እንዲያልፍ ፈቀደች። ኮሎራዶ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉውን ለቤተሰቡ ታስተላልፋለች።

ጀርመን ሌላ መንገድ መረጠች። አባት ካልከፈለ መንግሥት ለልጁ የተወሰነ ገንዘብ በቅድሚያ ይከፍልና ዕዳውን ራሱ ከአባት ይጠይቃል፤ ከሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይዘልቃል። በጀርመንም ቢሆን ይህ ክፍያ ልጁ ከሚያገኘው መሠረታዊ ድጎማ ላይ ይታሰባል፤ ፍጹም ሥርዓት የላቸውም።

ከሦስቱ የምንወስደው ይለያያል። የጀርመኑ ብርቱ ግምጃ ቤትና አባትን በአድራሻው የሚያገኝ መዝገብ ይፈልጋል፤ ለዛሬ አይደረስበትም። የአሜሪካው መብት ማስተላለፍ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዘሩ አለ፤ ግን መንግሥት ሰብስቦ ለራሱ ካስቀረው የብሪታንያን የመጀመሪያ ዓመታት መድገም ይሆናል። የብሪታንያው የመጨረሻ ውሳኔ ግን አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም፤ በመመሪያ ላይ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። በጀቱ ውስን ነው። እኩል ደሀ ከሆኑ ሁለት እናቶች አንዷ በየወሩ 3,000 ብር ሳይቋረጥ ቢመጣላት፣ ምንም ለማይመጣላት ቅድሚያ መስጠት ፍትሕ አይደለም ወይ? ነው። ስለዚህ ቀለብ ምንም ቢሆን አይታይ ማለት አይቻልም። ማለት የሚቻለው በወሬ አይታይ፣ በፍርድ ወረቀትም ብቻ አይታይ ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር ለአንድ ዓመት ያህል ሳይቋረጥ መግባቱ የታየ፣ መጠኑም ቤተሰቡን ከድህነት የሚያወጣ ቀለብ ይታይ። ከዚያ በታች ያለው ለልጁ ይተው።

ለዚህ ቀለብ ሲወሰን ክፍያው በእጅ ሳይሆን በሒሳብ እንዲገባ ዳኛው ቢያዝ ይረዳል። ያን ጊዜ የከፈለ አባት ማስረጃ ይኖረዋል፤ ያልተከፈላት እናትም ባዶ መግለጫዋን ለቅሬታ ሰሚው ታሳያለች። ከዝርዝሩ የወጣች እናት ቀለቡ ሲቋረጥ ቀጣዩን ምልመላ ሳትጠብቅ የምትመለስበት አሠራርም ያስፈልጋል። ሴፍቲኔት ላይ ያለች እናት ቀለብ እንድትጠይቅ የቀበሌው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ወደ ነጻ የሕግ ድጋፍ ሊመራት ይገባል፤ ክሱ ግን የድጋፉ ቅድመ ሁኔታ መሆን የለበትም። አባትየው ተደባዳቢ ሊሆን ይችላል፤ ከሱ መራቅን የመረጠች እናት በረሃብ ልትቀጣ አይገባም።

ቀሪው የኮሚቴው ፈንታ ነው። ኮሚቴው እስከ ዛሬ ሲጠይቅ የኖረው «ተፈርዶላታል ወይ?» ብሎ ነው። «ባለፉት 12 ወራት በየስንት ወሩ፣ ስንት ደረሳት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ምንም አዋጅ ሳይወጣ፣ ከሁለቱም በኩል የምትጎዳው እናት ቢያንስ በአንዱ በኩል ትድናለች።